ጨው ከመግባቱ በፊት፦ ሕፃኑና ቤተሰቡ የሚካፈሉት የአትክልት ፓስታ

(ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬውን ንግግሬን ፍሬ ነገር ለመስማት እስከ መጨረሻው መጠበቅ የለባችሁም፤ አሁኑኑ ልናገረውና የቸኮለ ሰው ይዞት ይሂድ። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ሌላ ድስት አትጣዱ። ለቤተሰቡ የምትሠሩትን የአትክልት ፓስታ ሥሩ፣ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት የሕፃኑን ድርሻ ቀንሱለት፣ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን እንደ ልባችሁ አጣፍጡ። በእሱና በእናንተ ሳህን መካከል ሊኖር የሚገባው ልዩነት ሁለት ብቻ ነው፤ ጨውና ልስላሴ።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ታደርቀናለህ የሚል አይጠፋም። ምክንያቴ፣ በብዙ ቤት የማየው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። አንዱ ምድጃ ላይ የአዋቂዎቹ ራት፣ ሌላው ላይ የሕፃኑ ድንችና ካሮት ተጥዶ፣ እናትየው ከአንዱ ወደ ሌላው ስትል የራሷን ምግብ ቆማ ትጎርሳለች። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ከሆነ በኋላ ትሰለቻለች፤ መሰልቸቷም አያስወቅሳትም። ያን ጊዜ የሕፃኑ ምግብ በየቀኑ ያው አንድ ዓይነት ገንፎ ይሆናል። ያደከማት ሕፃኑ ሳይሆን ሁለተኛው ድስት ነው።

መቼ እንደሚጀመር በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ፣ ጡቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው። ስለዚህ ፓስታው በጡት ላይ የሚታከል እንጂ ጡትን የሚተካ አይደለም። ከቀን መቁጠሪያው ጎን ለጎን ልጁን ራሱን ተመልከቱት። ሲቀመጥ አንገቱን ያጸናል ወይ? ያየውን ነገር ይዞ ወደ አፉ ይወስዳል ወይ? ማንኪያ ሲቀርብለት ምግቡን በምላሱ ገፍቶ ከማውጣት ይልቅ ይውጠዋል ወይ? ሦስቱ ከተሟሉ ዝግጁ ነው። እጁን መምጠጡና ሌሊት ደጋግሞ መንቃቱ ግን በራሳቸው የዝግጁነት ምልክት አይደሉም፤ ብዙ ሰው በእነዚህ እየተታለለ በአራት ወር ማንኪያ ያነሣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ካላችሁ ጊዜውን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

አሁን ወደ ፓስታው ልግባ። ፓስታ ለቤተሰብ የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከጠንካራ ስንዴ የሚሠራ፣ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ በአሥር ደቂቃ ግድም የሚደርስ፣ ጣዕሙ ገር ስለሆነ የተጨመረበትን ሁሉ የሚቀበል ምግብ ነው። ጠመዝማዛው ዓይነት ደግሞ ገና በመዳፉ ብቻ ለሚይዝ ሕፃን እጅ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ጎድጓዳው ስጎውን ይይዛል፣ ሸካራነቱም ከእጁ እንዳያመልጥ ይረዳል።

ነገር ግን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ፓስታ ብቻውን ለሕፃን ደካማ ምግብ ነው። ሆድ ይሞላል እንጂ ሕፃኑ በዚያ ዕድሜ አጥብቆ የሚፈልገውን አይሰጥም። የሕፃን የጨጓራ መጠን በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ነው ማለት ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውኃ የበዛበት ሾርባና ባዶ ፓስታ ብናስገባባት ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለና ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ግድም ያስፈልገዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 40 ያህሉን ይሸፍናል። ለዚህ ነው በሕፃን ሳህን ላይ ዘይት አትፍሩ የምለው። ቅባት የቀነሰ ምግብ ለአዋቂ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው፤ የብረት ማዕድኑን ማለቴ ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የብረት ክምችት ወደ ስድስተኛው ወር ግድም ይመናመናል፣ በእናት ጡት ውስጥ ያለውም ጥቂት ነው። በአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ይመከራል። ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው ስንት መሰላችሁ? 8 ሚሊ ግራም። ዘጠኝ ኪሎ የማይሞላው ልጅ ከአባቱ ይበልጥ ብረት ይፈልጋል! ስለዚህ ስጎውን የምንሠራው ለቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ፓስታው የጎደለውን እንዲሞላልን ነው። እኔ የምመርጠው ቀይ ምስር ክክ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ሲበስል ፈርሶ ስጎውን ያወፍራል፣ ብረትና ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ከምስር የሚገኘው ብረት ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ሆኖም ቫይታሚን ሲ አብሮት ከተበላ መጠኑ ይጨምራል። ቲማቲሙና መጨረሻ ላይ ጠብ የሚደረገው ሎሚ ሥራቸው ይኸው ነው። ሥጋ የምትበሉ ከሆነ በደንብ የተፈጨ ሥጋ በምስሩ ፋንታ ወይም ከምስሩ ጋር ይግባ፤ ይህ ለሕፃኑ የተሻለ የብረት ምንጭ ነው። ቆስጣና እስፒናች ግን በብረት የሚወራላቸውን ያህል አይደሉም፤ የያዙትን ብረት ሰውነት የሚያገኘው በጥቂቱ ነው። ስለ ሌላ ጥቅማቸው እንወዳቸዋለን።

እንግዲህ እንሥራው። መጠኑ ለሁለት አዋቂ፣ ለአንድ ትንሽ ልጅና ለአንድ ሕፃን ነው፤ 300 ግራም ደረቅ ፓስታ፣ 100 ግራም ማለትም ግማሽ ኩባያ ቀይ ምስር ክክ፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ዝኩኒ፣ አራት አምስት የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ እፍኝ ቆስጣ ወይም እስፒናች፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ዝኩኒ ከሌለ ዱባ፣ ዱባ ከሌለ አበባ ጎመን ይሁን፤ ስጎው ቅር አይለውም።

ሰዓት የሚቆጥበው የእጅ ፍጥነት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ሽንኩርት ከመላጣችሁ በፊት የፓስታውን ውኃ ጣዱ። ብዙ ሰው አትክልቱን ሁሉ ከትፎ፣ ስጎውን አብስሎ ሲያበቃ ነው ሦስት ሊትር ውኃ የሚጥደው፤ ከዚያ እስኪፈላ ቆሞ ያያል። ውኃው ላይ ጨውም ዘይትም አትጨምሩ። ዘይቱ ላይ ላዩን ከመንሳፈፍ በቀር ፓስታው እንዳይጣበቅ አያደርግም፤ መጣበቅን የሚከላከለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ማማሰል ነው።

በሁለተኛው ድስት (ይቅርታ፣ ይህኛው ሁለተኛ ድስት ይፈቀዳል) ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በዘይት አቁላሉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፤ ጨው ስላልገባበት ሽንኩርቱ ውኃውን ቶሎ አይለቅም፣ ድስቱን ሊይዝ ይፈልጋል። ያን ጊዜ አንድ ማንኪያ ውኃ ጣል አድርጉና ክደኑት። እንዲለሰልስ እንጂ እንዲጠቁር አንፈልግም። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱና ካሮቱ ይግባ። ካሮቱን አትክተፉት፤ በመፈቅፈቂያው ትንሹ ቀዳዳ ፈቅፍቁት። ተከትፎ የገባ ካሮት ለመለስለስ ጊዜ ይወስዳል፣ መሃሉ ጠንክሮ ከቀረም ለሕፃን አደገኛ ነው። የተፈቀፈቀው ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጋር ተዋሕዶ ዘይቱን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ያ ቀለም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው፤ በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ያለ ዘይት አብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል። የካሮቱ ጣፋጭነት ደግሞ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ይሰብራል። ለዚህ ሲሉ ስጎ ላይ ስኳር ወይም ማር የሚጨምሩ አሉ፤ ስኳሩ አያስፈልግም፣ ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ ያመጣል፤ ማብሰልም ዘሩን አያጠፋውም።

ምስሩን ደጋግማችሁ እጠቡና ጨምሩት፣ ሁለት ኩባያ ተኩል ሙቅ ውኃ አፍስሱበት። ቲማቲሙን ግን ገና ነው! የቲማቲም ኮምጣጣነት ጥራጥሬ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ አብራችሁ ከጨመራችሁት ምስሩ ሳይልም ሲንቃቃ ያመሻል። ቀድሞ በውኃ ብቻ ከበሰለ ግን በ12 ወይም በ15 ደቂቃ ፍርስርስ ይላል። ከፍ ብሎ የሚመጣውን አረፋ በማንኪያ ግፈፉት፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት እንጂ አትግጠሙት፣ ይገነፍላል።

እስከዚያ የፓስታው ውኃ ፈልቷል። ፓስታው ከመግባቱ በፊት ቲማቲሞቹን በቢላ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ እዚያው የፈላው ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ንከሯቸው። ልጣጩ በጣት ሲነካ ይገለበጣል። ሕፃን ባይኖር ይህን ሥራ አልመክራችሁም ነበር፤ ነገር ግን የቲማቲም ልጣጭ አይሟሟም፣ ተጠቅልሎ የሕፃን ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁም ይደነግጣል። የታሸገ ቲማቲም የምትጠቀሙ ከሆነ ጨው ያልተጨመረበትን ምረጡ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ብቻ ከሆነ በ2.5 አባዙት፤ የጨው መጠኑን ታገኛላችሁ።

ቲማቲሙና በትንንሹ የተከተፈው ዝኩኒ ምስሩ ላይ ሲገቡ፣ ፓስታውም ውኃው ውስጥ ይግባ። ሁለቱም አሥር ደቂቃ ግድም ስለሚወስዱ አብረው ይደርሳሉ። ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቅጠሉን አድቅቃችሁ ስጎው ላይ በትኑ። አሁን ማጥለያ አንሡ። የእናንተ ፓስታ ጥርስ ላይ ጥቂት ጠንከር እንዳለ ይውጣ፤ የሕፃኑን እፍኝ ያህል ግን ከጥቂት ውኃ ጋር ድስቱ ውስጥ ተዉትና ሦስት ደቂቃ ጨምሩለት። በሁለት ጣት ሲጨፈለቅ ያለ ምንም ትግል ሊፈርስ ይገባል። የፓስታውን ውኃ በሙሉ አትድፉት፤ አንድ ኩባያ አስቀሩ። ከፓስታው የወጣው ስታርች ውኃውን ደመናማ አድርጎታል፤ ስጎውን የሚያላላውም ከፓስታው ጋር የሚያስማማውም እሱ ነው። ፓስታውንም በቀዝቃዛ ውኃ አትለቅልቁት፤ ያንኑ ስታርች ማጠባችሁ ነው።

እዚህ ላይ ቁሙ። ጨው አልገባም። የሕፃኑን ፓስታና አንድ ጭልፋ ስጎ በሳህኑ ላይ አውጡ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ ይቀዝቅዝ። አሁን ወደ ድስቱ ተመልሳችሁ ለእናንተ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በሶብላ፣ የፈለጋችሁትን ጨምሩ።

ፓስታ ያለ ጨው ውኃ መቀቀል ነውር ነው የሚሉ አብሳዮች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በተለመደው አሠራር ለአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው ይጨመራል፤ ፓስታውም ከውኃው ጋር የተወሰነውን ይጠጣል። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ምክር አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ በቀን ሊያገኝ የሚገባው ጨው ከ1 ግራም በታች ነው፣ ያውም ከምግብ ሁሉ ተደምሮ። ከ1 እስከ 3 ዓመት 2 ግራም ነው። የሕፃን ኩላሊት ከዚያ በላይ ያለውን ለማስወገድ ገና አልጠናም። ስለዚህ ለአብሳዮቹ ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ የእናንተን ጣዕም በስጎው፣ በሎሚውና በአይቡ መልሱ። በኩብ መልክ የሚሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ አብዛኛው ጨው ስለሆነ የሕፃኑ ድርሻ ሳይወጣ ድስቱ አጠገብ አይድረስ። የጎለመሰ አይብም እንዲሁ ጨዋማ ነው።

አሁን ስለ ልስላሴ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው ይልቅ ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ወላጆችን የሚያስፈራው እዚህ ነውና። ገና ለጀመረ የስድስት ወር ልጅ ስጎውና ፓስታው አብረው ይጨፍለቁ፤ ወፍራም ይሁን፣ ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃዋል፣ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ያድጋል። በማሽን መፍጨት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ምንም ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ማሽኑ ሲመች ነው። ልጁ በጸጥታ ይውጣል፣ ወለሉ አይቆሽሽም፣ እናም ወሩ ወር ይወልዳል፤ አሥር ወር የሞላው ልጅ ገና የተፈጨ ብቻ ይበላል። በእንግሊዝ በብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ጎርበጥ ያለ ምግብ ከ9 ወር በኋላ የጀመሩት ልጆች ቀድመው ከጀመሩት ይልቅ በ7 ዓመታቸው አትክልትና ፍራፍሬ የሚበሉት በጥቂቱ ነበር፤ የአመጋገብ ችግርም በብዛት ታይቶባቸዋል። ማኘክ እንደ መራመድ በልምምድ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ማሽኑን ትታችሁ ሹካ አንሡ። በሹካ የተጨፈለቀው ስጎ ውስጥ የምስር ፍሬ፣ የዝኩኒ ቁራጭ ይታያል። አጠገቡ ሁለት ሦስት የለሰለሰ ጠመዝማዛ ፓስታ በእጁ እንዲይዝ አስቀምጡለት። ግማሹ ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ ግድ የለም። ወደ ዘጠኝ ወር ግድም በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ማንሣት ሲጀምር ትንንሹ ፓስታ ጊዜው ደረሰ፤ አንድ በአንድ እየለቀመ ሲበላ ማየት ያስደስታል። ዓመት ሲሞላው የእናንተው ምግብ ተቆራርጦ ይቀርብለታል። ስፓጌቲ ከሆነ በመቀስ በአጭር በአጭሩ ቁረጡለት።

«ቢታነቅስ?» የሚለው ጥያቄ ፊታችሁ ላይ ይነበባል። ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሕፃን አዲስ ቁራጭ ሲገጥመው ሊያስመልሰው ይቃጣዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስላል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ምግቡንም ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ የሰውነቱ መከላከያ ነው፤ በሕፃናት ላይ ይህ ምላሽ ከአዋቂ ይልቅ ወደ ምላስ ፊት ቀረብ ብሎ ስለሚነሣ ደጋግሞ ይታያል። ተረጋግታችሁ ጠብቁት። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ቁራጩን ወደ ውስጥ ልትገፉት ትችላላችሁ። የእውነት መታነቅ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ማሳልም ማልቀስም አይችልም፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ያን ጊዜ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ፤ እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው የአደጋ ጊዜ እርዳታ ይጥራ። ሆዱን መጫን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይደረግም። ይህን ከእኔ ሰምታችሁ አትቅሩ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ከሚያስተምር ሰው ዘንድ በእጃችሁ ተለማመዱት። በመብላት ላይ ያለ ልጅ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ብቻውን አይተው። ጥሬ ካሮት፣ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ያልተቆረጠ ድቡልቡል ቲማቲም ከሳህኑ ይራቁ።

አለርጂን በተመለከተ፣ ስንዴ፣ እንቁላልና ወተት ከሚታወቁት ቀስቃሾች መካከል ናቸው፤ አንዳንዱ ፓስታ ደግሞ እንቁላል አለው። ስለዚህ ማሸጊያውን አንብቡ፣ እያንዳንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰጡ ለየብቻ፣ በትንሹ፣ ቀን ላይ ስጡ። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የትንፋሽ ችግር ካያችሁ ወደ ሐኪም ነው። ፈርቶ ማዘግየቱ ግን አይጠቅምም። ከባድ ኤግዚማ (የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም) ወይም ቀድሞ የታወቀ አለርጂ ያለበት ልጅ ሲሆን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

የተረፈውን ምግብ ምድጃ ላይ አታሳድሩት። ከተሠራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ። ሲሞቅ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሙቅና ቀዝቀዝ ብሎ ይሰጥ፤ አንዴ ሞቆ የተረፈ አይደገምም። ሕፃኑ ከበላበት ሳህን የተረፈውም ይደፋል፣ ምራቅ ገብቶበታልና። ጨው ሳይገባበት የቀነሳችሁትን ስጎ ያለ ፓስታ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች አድርጋችሁ ብታበርዱት አንድ ሁለት ኩብ እያወጣችሁ ትጠቀማላችሁ። በነገራችን ላይ ድስቱ ላይ ጨው መጨመሩን በኋላ ለሚያስታውስ ሰው መውጫው ይኸው ነው።

ቀድመው የደረሱኝን ሁለት ጥያቄዎች ልመልስና ላብቃ። አንዲት እናት «ልጄ አረንጓዴ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ፈጭቼ ብደብቅበትስ?» ብለው ጠይቀዋል። መፍጨቱ ለዕለቱ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ ያላየውን አትክልት መውደድ አይማርም። አዲስ ጣዕም ለመቀበል ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ መቅመስ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ወላጅ ግን በሦስተኛው ተስፋ ይቆርጣል። ትንሽ በትንሹ ሳህኑ ላይ አኑሩለት፣ እናንተም ፊቱ ብሉት፣ አታባብሉት፣ አታስገድዱት። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ የእሱ ነው። አፉን ከዘጋ ማንኪያው ይመለስ። ማንኪያውን እንደ አውሮፕላን እያበረሩ አፍ ማስከፈት ለአንድ ራት ይሠራል፣ በሚቀጥለው ቀን ግን አውሮፕላኑ ራሱ ይለመናል።

አንድ አባት ደግሞ ከሙሉ ስንዴ የተሠራው ቡናማው ፓስታ ለሕፃኑ አይሻልም ወይ ብለዋል። ለእርስዎና ለባለቤትዎ ይሻላል። ለሕፃኑ ግን ዘወትር እሱን ብቻ ማድረጉን አልመክርም፤ አሰሩ ብዙ ስለሆነ ያችን አንድ ብርጭቆ የምታህል ጨጓራ በትንሽ ጉልበት ይሞላታል። አልፎ አልፎ ይቅመስ፤ ከነጩ ጋር ቀላቅለው መሥራትም ይችላሉ። ቡናማው ለመብሰል ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበልጥ ይፈልጋል፤ ማሸጊያውን ይመልከቱና እሱን አስቀድመው ይጨምሩ።